መሣሪያው ለዜማው ሲቃኝ

(በተማሪዎች ማኅበር የሙዚቃ ማዳመጫ ምሽት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ የምናሰማችሁ ሙዚቃ ርዝመቱ ዐሥር ደቂቃ ገደማ ነው። ሆኖም ከመስማታችን በፊት አንድ ጥያቄ ልናነሣ ወደድን። ሕዝብ በአንድነት የሚዘምረውን መዝሙር ወስዶ ለአራት ባለክር መሣሪያዎች ማዘጋጀት መዝሙሩን ማክበር ነውን ወይስ መቀማት? በመካከላችን በሁለቱም ወገን የሚከራከር አለ። እኛ በበኩላችን መልሱ የሚገኘው በአዘጋጁ አሠራር ነው እንላለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

መዝሙሩ «አሜዚንግ ግሬስ» ይባላል፤ በአማርኛ «አስደናቂ ጸጋ» እንደ ማለት ነው። ቃሉን የጻፈው እንግሊዛዊው ቄስ ጆን ኒውተን ሲሆን የታተመው በ1779 ነው። ኒውተን ቄስ ከመሆኑ በፊት አፍሪካውያንን ለባርነት በሚያጓጉዙ መርከቦች ላይ ያገለገለ፥ ኋላም የመርከብ አዛዥ እስከ መሆን የደረሰ ሰው ነው። በ1748 ከታላቅ ማዕበል ተርፎ ልቡን ወደ እምነት ቢመልስም ይህን ሥራ ወዲያው አልተወም፤ እስከ 1754 ድረስ በባሕር ላይ ቀጠለበት። ንግዱን በጽሑፍ ያወገዘው በ1788 ነው። እንግዲህ መዝሙሩ ስለ ይቅርታ ሲናገር ስለ ቀላል ነገር እንደማይናገር ልብ ማለት ያሻል።

ቃሉ የእንግሊዝ ሲሆን ዛሬ የምናውቀው ዜማ ግን የተስፋፋው በአሜሪካ ነው። ዜማው በ1829 በአሜሪካ በታተመ የመዝሙር መጽሐፍ ውስጥ በሌላ ስም ይገኛል። ከኒውተን ቃል ጋር አጋጥሞ ያሳተመው ዊልያም ዎከር ነው፤ ይህም የሆነው በ1835 «ሳውዘርን ሃርመኒ» በተባለው መጽሐፉ ነው። እንዲህ ያሉት መጻሕፍት ማንበቢያቸው ልዩ ነበር። ኖታው እንደ ድምፁ ስም ቅርጹ ይለያያል፤ «ፋ» ሦስት ማዕዘን፥ «ሶል» ክብ፥ «ላ» አራት ማዕዘን፥ «ሚ» ደግሞ እንደ አልማዝ ያለ ቅርጽ አለው። በዚህ ዘዴ ገበሬውም ነጋዴውም በጥቂት ጊዜ ውስጥ ማንበብን ይማር ነበር። ዘማሪዎቹ አራት ማዕዘን ሠርተው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ መሪው በመካከል ቆሞ በእጁ ይመታል። መሣሪያ የለም። አድማጭም የለም፤ የመጣው ሁሉ ይዘምራልና። ይህ ልማድ እስከ ዛሬ አልጠፋም።

አሁን ወደ ቅኝት ነገር እንምጣ። ዜማው በአምስት ድምፆች ብቻ የተሠራ ነው፤ አሰላለፋቸውም ከእኛው ሙሉ ትዝታ ጋር አንድ ነው። ይህን ስንል አንዱ ከሌላው ተወሰደ ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ዜማው ለጆሯችን እንግዳ የማይሆንበትን ምክንያት ያስረዳል።

አንድን ክር ከርዝመቱ ሁለት ሦስተኛ ላይ ብንይዘው አምስተኛውን ድምፅ፥ አራት አምስተኛ ላይ ብንይዘው ሦስተኛውን ድምፅ እናገኛለን። እነዚህ ድምፆች ከመነሻው ድምፅ ጋር ያለ ጭቅጭቅ ይስማማሉ። ፒያኖ ግን ከየትኛውም ድምፅ ተነሥቶ እንዲጫወት ሲባል ኦክታቩ በ12 እኩል ክፍሎች ተከፍሏል። ጥቅሙ ብዙ ነው፤ ዋጋም አለው። የፒያኖው ሦስተኛ ድምፅ በክር ከሚገኘው በግማሽ ድምፅ ሰባተኛ ያህል ከፍ ይላል። ያለ መሣሪያ አብረው የሚዘምሩ ሰዎች ግን የሚስማማውን ድምፅ እርስ በርስ እየተሰማሙ ይፈልጉታል።

አሜሪካዊው ቤን ጆንስተን በ1926 በጆርጅያ ግዛት በሜከን ከተማ ተወልዶ፥ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዓመት አስተምሮ በ2019 ያረፈ የሙዚቃ ደራሲ ነው። በ1973 ለሁለት ቫዮሊን፥ ለአንድ ቪዮላና ለአንድ ቼሎ የጻፈው አራተኛው ኳርቴቱ የተሠራው በዚህ መዝሙር ላይ ነው። ጆንስተን ዜማውን ወደ ፒያኖው ቅኝት አላመጣውም። በመጀመሪያ መዝሙሩን ከአምስተኛው ድምፅ ብቻ በሚወለድ በጥንታዊው የፒታጎራስ ቅኝት ያሰማል። ቀጥሎ ንጹሑን ሦስተኛ ድምፅ ያስገባል። ከዚያም የክሩን ሰባተኛ ክፍልፋይ ጨምሮ በፒያኖ ላይ ከቶ የማይገኙ ድምፆችን ያመጣል። ዜማው በየለውጡ እየተወሳሰበ ሄዶ በመጨረሻ በሙሉ ኃይሉ ይመለሳል። ቫዮሊን በአንገቱ ላይ መከፋፈያ ስለሌለው የተጫዋቹ ጣት ይህን ሁሉ ለማድረግ ነጻ ነው፤ ቢሆንም ሥራው እጅግ አድካሚ ነው።

የጠፋ ነገር የለም አንልም። ቃሉ ጠፍቷል፤ የባሪያ ነጋዴውን ታሪክ የማያውቅ ሰው ጸጋው ለማን እንደ ተሰጠ ከቫዮሊን ሊረዳ አይችልም። አብሮ መዘመሩም ቀርቶ እኛ ዝም ብለን እንቀመጣለን። ይሁን እንጂ ጆንስተን ዜማውን ለመሣሪያው አልቃኘውም፤ መሣሪያውን ለዜማው ቃኘው እንጂ። ስለዚህ አከበረው እንጂ አልቀማውም ለማለት እንደፍራለን።

ነገሩ እኛንም ይመለከታል። የክራር ክር በጆሮ ይቃኛል፤ የማሲንቆ ተጫዋችም ድምፁን በጣቱ ፈልጎ ያገኛል። ኪቦርድ በበዛበት በዛሬው ጊዜ ግን ድምፃዊው ቁልፎቹን እንዲከተል ሲገደድ እንሰማለን። ኪቦርዱን እንጣል አንልም። ከመካከላችን ነገ የአገሩን ዜማ ለኳርቴት ወይም ለኦርኬስትራ የሚያዘጋጅ ቢነሣ፥ አስቀድሞ ከሽማግሌው አዝማሪ አጠገብ ተቀምጦ እያንዳንዱ ድምፅ በትክክል የት ላይ እንደሚያርፍ ይስማ ነው የምንለው። መሣሪያውን መምረጥ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው።

አሁን የክሮኖስ ኳርቴት በ1987 ያወጣውን ቅጂ እናሰማችኋለን። ከለውጡ ይልቅ በመጀመሪያ ዜማውን ያዙ፤ ከያዛችሁት አይጠፋችሁም። ክርክሩን ከሙዚቃው በኋላ እንቀጥላለን።