የመንገድ አደጋን ቁጥር እንዴት እንስማው?

(በዴንቨር በተካሄደው የማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ብዙዎቻችን ከኦሮራ ኤርፖርት ስንመላለስ የምናድር ሾፌሮች ነን። ስለ መንገድ ላውራ ብል የማይመለከተው ሰው አይኖርም።

እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ መንገዶች 40,901 ሰው ሞቷል። ያስደነግጣል፤ ግን ስንት ማይል ተነድቶ? ሲሰላ በየመቶ ሚሊዮን ማይሉ 1.26 ሞት ነው። ይህ ደግሞ ኢምንት ይመስላል። በዓመት 50,000 ማይል የሚነዳ ሰው በሃያ ዓመት አንድ ሚሊዮን ይሞላል። እንዲህ የነዱ ሰማንያ ሾፌሮች ቢሰበሰቡ፣ በአማካይ አንድ ሰው ሞቷል ማለት ነው፤ ሾፌሩ፣ ተሳፋሪው ወይም እግረኛው። ከእኛ መካከል ሰማንያ ሾፌር አይጠፋም።

እዚህ አገር ከመቶ ሰው ከዘጠና በላይ የሚሆነው ቀበቶ ያስራል። በመኪና ውስጥ ከሚሞቱት ግን ግማሽ ያህሉ ያላሰሩ ናቸው። አንድ ወዳጄ ይህን ሰምቶ «ያሰረውም ግማሹ ይሞታል፤ ታዲያ ምን ጠቀመ?» አለኝ። አይደለም! አንዱ ግማሽ የመጣው ከዘጠና በላይ ከሆኑት ነው፣ ሌላው ግማሽ አሥር ከማይሞሉት። ልዩነቱ ሁሉ የቀበቶ ሥራ ነው አልልም፤ የማያስር ሰው ብዙ ጊዜ በፍጥነትም ይነዳል፣ ጠጥቶም ይነዳል። የቀበቶው የራሱ ድርሻ፣ ፊት ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው፣ የመሞትን ዕድል በ45 በመቶ መቀነስ ነው።

ወደ አገራችን ልምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2016 ባወጣው ግምት በመንገድ አደጋ የሚሞተው ከ100,000 ሕዝብ በአሜሪካ 12.4፣ በኢትዮጵያ 26.7 ነበር። እጥፍ ብቻ ነው እንዳትሉ። እዚህ ሁሉም መኪና አለው፤ እዚያ መኪናው ጥቂት ነው። በተነዳው ኪሎ ሜትር ቢሰላ ልዩነቱ ከዚህ እጅግ ይሰፋል።

እኛ ደግሞ ቦሌ ስንወርድ ቀበቶውን እንረሳለን። ያን ሁሉ ሰዓት በርረን፣ እንቅልፍ ሳናገኝ፣ መሽቶም ቢሆን የዓባይን በረሃ ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን ካልተሻገርን እንላለን። «ቀኑ ከደረሰ ማን ያስቀረዋል?» የሚሉኝ አባቶች አሉ። ቀኑንማ እግዚአብሔር ያውቃል፤ የመነሻ ሰዓቱን የምንቆርጠው ግን እኛ ነን።

ስለዚህ ዘንድሮ ወደ አገር ቤት የሚሄዱት ልዑካን አዲስ አበባ አድረው በማለዳ እንዲነሡ፣ የሚከራዩትም መኪና በየወንበሩ ቀበቶ ያለው እንዲሆን ሐሳብ አቀርባለሁ። የአንዱን ሌሊት አልጋ በጀቱ ውስጥ አስገቡልኝ።