ያው እህል በጥርና በሐምሌ

የዛሬው ቃላችን «ኩንታል» ነው። ኩን-ታል። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው።

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚሄድ ሰው ዴራን አልፎ ነው ሽቅብ የሚወጣው። ዴራ ቆላ ቀመስ ናት። ዝናቡ ዘግይቶ ይመጣና ቶሎ ይሄዳል። ከላይ ግን የጭላሎ ተራራ ደመናውን ይይዛል፤ ስንዴውና ገብሱ ያምራል። ታዲያ ልጠይቃችሁ። በድርቅ ዓመት ደጋው እህል እያለው እታች ለምን ይራባል? መንገዱ እንደሆነ አንድ ነው።

ዝናብ ብቻ አይደለም ነገሩ። በ1960 ዓ.ም. «ካዱ» የተባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በስዊድን እርዳታ አሰላ ላይ ተቋቋመ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በዱቤ ሰጠ። ምርት ጨመረ። ግን ያን ጊዜ መሬቱ የባለርስት ነበር። ባለርስቱ ትርፉን አየና ትራክተር አስገባ፤ ብዙ ጭሰኛ ተነቀለ። ስንዴ በዛ፣ አራሹ ሜዳ ላይ ቀረ። ይህስ ልማት ነው ትላላችሁ?

በደርግ ዘመን ደግሞ ገበሬው በኮታ፣ በተቆረጠ ዋጋ፣ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ያስረክብ ነበር። እህል እንደ ልብ አይጓዝም፤ ኬላ ላይ ይያዛል። ያ የቀረው በ1982 ዓ.ም. ነው።

ዛሬ ኮታ የለም፤ ዕዳ ግን አለ። ጥር ላይ የማዳበሪያው፣ የግብሩ፣ የሰርጉ ወጪ ይመጣል። ሁሉም እህሉን ባንድ ጊዜ ያወጣል፤ ዋጋው ይወድቃል። ሐምሌ ሲገባ ያው ሰው ገዢ ሆኖ ይመጣል።

እስቲ እርሳስ ያዙ። ጥር ላይ 5 ኩንታል በቆሎ ሸጣችሁ እንበል። አንዱ ኩንታል 4000 ብር ቢሆን 20000 ብር ያዛችሁ። ሐምሌ ላይ አንዱ ኩንታል 5000 ብር ገባ። በዚያው 20000 ብር የምትገዙት 4 ኩንታል ብቻ ነው። አንዱ ኩንታል ማንም ሳይበላው ሄደ።

«ባስቀምጠው ነቀዝ ይጨርሰዋል» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ በቆሎን ነቀዝ ይወደዋል። ለዚህ ሦስት ድርብ ያለው ከረጢት አለ። ሁለቱ የውስጦቹ ላስቲክ ናቸው። አንድ በአንድ ጥብቅ አድርጋችሁ ስታስሩት ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል። እህሉ ግን አስቀድሞ በደንብ ይድረቅ። በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ካላለ አትክተቱት፤ እርጥብ ከሆነ ይሻግታል። ላስቲኩን አይጥ እንዳይበሳውም ጠብቁ።

ሁሉን አስቀምጡ አልልም። ዕዳ ያለበት ምን ያድርግ? ለዕዳው የሚበቃውን ሽጡ፤ የክረምቱን ቀለብ አስቀሩ።

ስትሸጡም ሚዛኑን ራሳችሁ አንብቡት። ነጋዴው «92» ቢላችሁና ሚዛኑ ላይ ያለው 100 ቢሆን፣ 8 ኪሎ ሊሄድባችሁ ነው።

ለሚቀጥለው ትምህርት ደብተራችሁ ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ የሸጣችሁበትን ቀን፣ ኪሎውን፣ ዋጋውን። ሐምሌ ላይ ያንኑ ገጽ እንገልጠዋለን።