የማንወደውን መንደር ለምን አንለቅም?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከአባላት አንዷ ያቀረበችው ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ ሁላችሁም በየቦርሳችሁ ይዛችሁት የመጣችሁት ነው፤ ስልካችንና በውስጡ ያለው ማኅበራዊ ሚዲያ። ቡና ላይ በተሰበሰብን ቁጥር አንዷ «ፌስቡክ ስድብ ብቻ ሆነ፣ አስጠላኝ» ትላለች። ሌላዋ «ቲክቶክ ቀኔን በላው» ትላለች። ሦስተኛዋ የቴሌግራም ግሩፑ መልእክት ብዛት ራሷን እንዳዞራት ታወራለች። «ታዲያ ለምን አትወጪም?» ተብላ ስትጠየቅ ግን መልስ ያላት የለችም።

ይህ ጥያቄ ውስጡ ወቀሳ አለበት። የጠላሽውን ነገር ካልተውሽ ልብሽ ደካማ ነው እንደማለት ነው። እኔ ግን ወቀሳው ቦታውን ስቷል እላለሁ። ብዙዎቻችን የምንቆየው ሰዎቻችን እዚያ ስላሉ ነው። ብቻዋን የወጣች ሴት የምታጣው ብዙ ነው፤ አብረው የወጡ ግን የሚያጡት ጥቂት ነው። ከዚህ የሚከተል ለማኅበራችን አንድ ሥራ አለ፤ ወደ መጨረሻው እመጣበታለሁ።

በመጀመሪያ እድርን አስቡ። በየሰፈራችን ዳኛው የሚቆጣበት፣ ቅጣቱ የሚበዛበት፣ ስብሰባው የሚያሰለች እድር አለ። አባሉ ሁሉ ያማርራል፤ የሚወጣ ግን የለም። ለምን? ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩና ድስቱ እዚያ ነው። ለዓመታት የከፈልነው መዋጮ እዚያ ነው፤ ስንወጣም አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ አይሰጠንም። ከሁሉ በላይ ግን በክፉ ቀን የሚመጡት ሰዎች እዚያ ናቸው። ከሰፈሩ ሁሉ ተለይታ «እኔ የተሻለ እድር አገኘሁ» ያለች ሴት፣ ጎረቤቶቿ ካልተከተሏት ያገኘችው ባዶ ድንኳን ነው።

ማኅበራዊ ሚዲያም እንዲሁ ነው። የመተግበሪያው ዋጋ ያለው በውስጡ ባሉት ሰዎች ላይ ነው። ይህን ገንዘብ እንኳ ሊቀይረው እንዳልቻለ የጉግል ታሪክ ያሳያል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2011 ከፌስቡክ ጋር የሚወዳደር ጉግል ፕላስ የሚባል መድረክ ከፈተ። ገንዘብም፣ ባለሙያም፣ ስምም ነበረው። ሰዎች ገብተው ሲያዩት ግን ወዳጅ ዘመዶቻቸው የሉም፤ ወደነበሩበት ተመለሱ። በ2019 ለሕዝብ ይሰጥ የነበረው አገልግሎት ተዘጋ። ፌስቡክ ደግሞ፣ ስንቱ እያማረረው፣ በ2023 በወር ከ3 ቢሊዮን በላይ ተጠቃሚ ነበረው።

ወደ እኛ ቤት ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይገባናል። ልጇ ወደ ዓረብ አገር የሄደችባት እናት ኢሞን የተማረችው ስለወደደችው አይደለም። ልጅቱ የምትደውለው በእሱ ስለሆነ ነው። ልጅቱም ብትሆን ሁልጊዜ ምርጫ የላትም፤ ለምሳሌ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ በዋትስአፕ በድምፅ መደወል የተገደበ ሆኖ ቆይቷል። እናትዬው ማስታወቂያው ቢያሰለቻት፣ የማታውቀው ሰው መልእክት እየላከ ቢያስቸግራት፣ ኢሞን ልትሰርዘው ትችላለች? ከሰረዘችው የልጇን ድምፅ ሰረዘች ማለት ነው። ይህችን እናት «ሱስ ይዟታል» ብንላት በደልናት።

በዚህ ጉዳይ ላይ የተደረገ አንድ ጥናት ልንገራችሁ። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው የኢኮኖሚ ባለሙያ ሊዮናርዶ ቡርስቲን ከባልደረቦቹ ጋር በ2023 ያወጣው ነው። ከአንድ ሺህ በላይ የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪዎችን ጠየቁ። «ጓደኞችህ እየተጠቀሙ አንተ ብቻ ለአራት ሳምንት እንድትተው ስንት ይከፈልህ?» ሲሏቸው በአማካይ ለቲክቶክ 59 ዶላር፣ ለኢንስታግራም 47 ዶላር ፈለጉ። ቀጥለው «ሁላችሁም በአንድ ጊዜ ብትተውስ?» ሲሏቸው መልሱ ተገለበጠ። ሁሉም አብሮ እንዲወጣ ተማሪዎቹ ራሳቸው ከኪሳቸው ለቲክቶክ 28 ዶላር፣ ለኢንስታግራም 10 ዶላር ለመክፈል ፈቃደኞች ሆኑ። አስተውሉ፤ ሰዎቹ አልተለወጡም፣ ስልኩም አልተለወጠም። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብቻዬን ነኝ ወይስ ከሌሎች ጋር?

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ይህን ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ያጠራቀምነው ነው። ቤት ስንቀይር አልጋችንንና ቁም ሳጥናችንን በአይሱዙ ጭነን እንሄዳለን። ከአንድ መድረክ ወደ ሌላው ስንሄድ ግን ተከታዮቻችንን መጫን አንችልም። ከእኛ መካከል ጥልፍ፣ በርበሬና ሽሮ፣ ሹራብ በቴሌግራም ቻናልና በቲክቶክ የሚሸጡ አሉ። ሦስት ዓመት ለፍታ ደንበኛ ያፈራች ሴት፣ በላይቭ ላይ የሚጽፉባት ነውር ቢያቆስላትም፣ በማግስቱ ተመልሳ ትቀመጣለች። የልጆቿ እንጀራ ነውና። እሷን «ዝም ብለሽ ውጪ» ማለት ሱቅሽን ለነገር ፈላጊ ጥለሽ ሂጂ ማለት ነው።

ሦስተኛው፣ ወጣን ስንል እንኳ ብዙ ጊዜ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ክፍል ነው የተዛወርነው። ፌስቡክ ኢንስታግራምን በ2012፣ ዋትስአፕን በ2014 ገዝቷል። ሦስቱም ዛሬ የአንድ ኩባንያ ናቸው። ፌስቡክ ሰለቸኝ ብላ ወደ ዋትስአፕ የሄደች እህት አከራይዋን አልቀየረችም።

አራተኛው አሠራሩ ነው። ወደ ታች ስንስበው ማለቂያ የለውም፤ ጋዜጣ እንኳ የመጨረሻ ገጽ አለው። በየደቂቃው ድምፅ እያሰማ ይጠራናል። ከአሥር የማይረባ ነገር መካከል አንድ ጊዜ የዘመድ ሠርግ፣ የልጅ ምርቃት ብቅ ይላል። ያቺ አንዷ ጣፋጭ አሥሩን መራራ ታስችለናለች። ይህ ሆን ተብሎ እንድንቆይ የተሠራ ነውና ራሳችንን ብቻ መውቀስ የለብንም። ማሳሰቢያውን ማጥፋትና ሰዓት መወሰን ይረዳል። ነገር ግን ሰዎቻችን እዚያ ብቻ እስካሉ ድረስ ተመልሰን መክፈታችን አይቀርም።

ይህ ትስስር ምን ያህል የጠነከረ እንደሆነ በአገራችን አይተነዋል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ እንደ ወትሮው አይከፈቱም ነበር። ሕዝቡ ምን አደረገ? ብዙው ሰው ቪፒኤን አስጭኖ ተመለሰ። ስለ ቴክኖሎጂ ሰምተው የማያውቁ እናቶች እንኳ የልጅ ልጆቻቸውን «ያችን ቁልፍ ክፈትልኝ» ይሉ ነበር። መንገዱ ሲዘጋ ሰው በጓሮ ዞሮ የመጣው ዘመዱና ገበያው እዚያ ስለነበሩ ነው።

ነገሩ የግድ እንዲህ መሆን ነበረበት? አልነበረበትም። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር በ07 የሚጀምር ቁጥር ያወጡ ሰዎች በ09 ለሚጀምረው የኢትዮ ቴሌኮም ቁጥር መደወል ችለዋል። አንዷ ኩባንያ ስትቀይር እናቷ አብራ እንድትቀይር አላስፈለጋትም። ከቴሌግራም ወደ ዋትስአፕ ግን እንዲህ መላክ አንችልም፤ አጥሩ የተሠራው በባለቤቶቹ ፍላጎት ነው። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል ገበያዎች ሕግ አውጥቶ፣ ከመጋቢት 2024 ጀምሮ እንደ ዋትስአፕ ያሉት ትልልቆቹ የመልእክት አገልግሎቶች ሌሎች አገልግሎቶች ሲጠይቋቸው በራቸውን እንዲከፍቱ አዟል። ሕጉ የሚሠራው ለአውሮፓ ነው። እኛ እስከዚያው እጃችንን አጣጥፈን አንጠብቅም፤ በራሳችን አቅም አጥሩን ዝቅ ማድረግ እንችላለን።

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ። «ሁላችንም ዛሬ ስልካችንን እንጣል» አልልም። መቆየት ለሚያስፈልጋት መቆየት ነውር አይደለም። የምለው አንዲት እህት ከአንድ መድረክ ብትወጣ ከእኛ እንዳትወጣ እናድርግ ነው። ዛሬ የማኅበራችን ለቅሶ፣ ወሊድና የስብሰባ ቀን የሚነገረው በቴሌግራም ግሩፑ ነው። ግሩፑን የተወች ሴት ለቅሶ ቀረች ማለት ነው፤ ለቅሶ የቀረች ደግሞ ተቀየመች ትባላለች። የማትወደው ቦታ ያሰራት ማን ነው? ኩባንያው ብቻ አይደለም፤ እኛም አለንበት።

ስለዚህ ለውይይት የማቀርባቸው ሐሳቦች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ ለቅሶ፣ ሕመም፣ ወሊድና የስብሰባ ቀን በአንድ መተግበሪያ ብቻ አይነገር። አባላትን በየሰፈራቸው አሥር አሥር አድርገን እንመድብ። የየምድቡ ተጠሪ በስልክ ትደውል ወይም ዳታ የማይፈልግ አጭር የጽሑፍ መልእክት ትላክ።

ሁለተኛ፣ የሁላችንም ስልክ ቁጥር በወረቀት መዝገብ ላይ ይስፈር፤ ከጸሐፊዋና ከገንዘብ ያዥዋ ዘንድ አንድ አንድ ቅጂ ይቀመጥ። ቁጥር የቀየረች በስብሰባ ታሳውቅ።

ሦስተኛ፣ የምትሸጡ እህቶች የደንበኞቻችሁን ስም ከነስልክ ቁጥራቸው ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ በደብተር ያዙ። በየማሸጊያው ላይም የራሳችሁን ቁጥር ጻፉ። ገጻችሁ አንድ ቀን ቢዘጋ ወይም በሌባ ቢወሰድ ደንበኛዋ ታገኛችኋለች። መድረኩ ገበያ ይሁን እንጂ መዝገብ ቤት አይሁን።

አራተኛ፣ የልጆቻችሁንና የወላጆቻችሁን ፎቶ ከመድረኩ ውጭም አስቀምጡ። ፌስቡክ የራሳችንን መረጃ ማውረጃ መንገድ አለው፤ ቴሌግራምም በኮምፒውተር በኩል እንዲሁ። ካልቻላችሁ ወጣት አባሎቻችን አንድ ቅዳሜ መድበው ይርዱን።

አምስተኛ፣ ግሩፑን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ካስፈለገ በአንድ ቀን አብረን እንሂድ። ቀኑን አስቀድመን እንቁረጥ፣ ለማያውቁት እናሳይ፣ አሮጌው ቦታ ላይ ለአንድ ወር የት እንዳለን የሚነግር መልእክት እንተው። ሦስት ሆነን ከሄድን እንመለሳለን፤ ሁላችን ከሄድን እንለምደዋለን።

ስድስተኛ፣ በመድረኩ ላይ የተሰደበች፣ ፎቶዋ የተሰረቀባት ወይም የተዛተባት እህት «ምን አስገባሽ?» አትባል። የተጻፈባትን ስክሪንሾት አንስታ እንድታስቀምጥ እንርዳት፣ ለመድረኩ በብዛት ሆነን እናመልክት፣ ዛቻ ከሆነ ፖሊስ ጣቢያ አብረናት እንሂድ። መቆየትም ሆነ መውጣት የእሷ ውሳኔ ይሁን፤ ተሸማቅቃ ብቻዋን እንዳትጠፋ ግን ኃላፊነቱ የእኛ ነው።

እነዚህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። አንድ መዝገብ፣ ጥቂት የስልክ ካርድና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል። ይህ ማኅበር የተቋቋመው አንዷ ብቻዋን የማትችለውን አብረን እንድንችል ነው። የሕክምና ወጪ ሲመጣ አዋጥተናል፣ ልጅ ስትመረቅ አብረን እልል ብለናል። ለዚህም አናንስም።

ለዛሬ ከስድስቱ የመጀመሪያዋን ብቻ እንወስን። ከዚህ በኋላ በዚህ ማኅበር ውስጥ ስልኳ ላይ ቴሌግራም ስለሌለ ለቅሶ የምትቀር ሴት አትኑር። ተጠሪ ለመሆን ፈቃደኛ የሆናችሁ ከስብሰባው በኋላ ስማችሁን ለጸሐፊያችን ስጡ።