ማስረጃ ይጣራ፣ ባለመብት አይበደል
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



እኛ የሒሳብ ክፍል ሠራተኞች ሰነድ ሳናይ ገንዘብ አንከፍልም። ድጋፍ የሚገባቸውን እህቶች ስንለይም የቀበሌ ደብዳቤ እንጠይቃለን። ለችግረኛ የተመደበውን ድርሻ ሌላ እንዳይወስደው ስንጠብቅ እውነተኛዋን ባለመብት እንዳንበድል ምን እናድርግ? በዚህ ጥያቄ ሕንዶች ብዙ ዓመት በፍርድ ቤት ተከራክረዋልና ከእነሱ የምንማረውን እናካፍላችሁ።

በሕንድ ካስት የሚባለው በትውልድ የሚወረስ የማኅበረሰብ ደረጃ ነው። ሕገ መንግሥታቸው እ.ኤ.አ. በ1950 ሲጸና ለዘመናት የተገፉ ካስቶችና ጎሳዎች በዝርዝር ተመዘገቡ። በማዕከላዊው መንግሥት በአገር አቀፍ ውድድር በሚደረግ ቅጥር 15 በመቶው ለተመዘገቡት ካስቶች፣ 7.5 በመቶው ለተመዘገቡት ጎሳዎች ይያዛል። ከዚህ ድርሻ ለመጠቀም የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱ ሥራና ትምህርት የሚያስገኝ በመሆኑ ያለአግባብ የሚያወጡትም አልጠፉም። የስም መመሳሰልም ችግር ፈጠረ። በማሃራሽትራ ግዛት «ማሃዴቭ ኮሊ» በጎሳነት ተመዝግቧል፤ «ኮሊ» የሚባል ሁሉ ግን አልተመዘገበም።

በዚሁ ስም በተነሳ ክርክር የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1994 መመሪያ ሰጠ። አጣሪ ኮሚቴ ይቋቋም፤ መርማሪዎች እስከ ትውልድ ቀዬ ሄደው ይጠይቁ፤ የትምህርት ቤት መዝገብ ይታይ አለ። ጥርጣሬ ካለ የምርመራው ሪፖርት ለባለጉዳዩ ደርሶት መልስ ይስጥበት፤ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ወረቀቱ ይሰረዝ አለ።

ከተሰረዘ በኋላስ? በ2000 በአንድ የሕክምና ተመራቂ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ የጎሳ አባልነቱን ባይቀበልም ዲግሪውን አልነጠቀውም፤ አንድ ሐኪም ለማስተማር የሚወጣው የሕዝብ ገንዘብ ብዙ ነውና። በ2017 ግን ጠበቅ አደረገው። የማታለል ሐሳብ መኖሩ ባይረጋገጥም፣ ዓመታት ቢያልፉም፣ በማይገባ ወረቀት የተገኘ ጥቅም ይመለሳል አለ። የተያዘችው ወንበር የሌላ ሰው ነበረችና።

ማጣራት በራሱ ግን ሊበድል ይችላል። ኮሚቴዎች ስለ ሰርግ፣ ስለ ቀብርና ስለ አምልኮ ሥርዓት እየጠየቁ፣ መልሱ ካልጣማቸው ይጥሉ ነበር። ወላጆቿ ከተማ የገቡ ልጅ የአያቶቿን ሥርዓት ባታውቅ ምን ይገርማል? በ2023 ፍርድ ቤቱ ይህ ጥያቄ ብቻውን ወሳኝ እንዳልሆነ፣ ከ1950 በፊት የተጻፉ ሰነዶች ትልቅ ክብደት እንዳላቸው ወሰነ። የእናቶችም ጉዳይ ታይቷል። በ2012 የአባት ካስት ብቻ ልጅን እንደማይወስን፣ በእናቱ ጎሳ ውስጥ ያደገና የእነሱን መገፋት የቀመሰ ልጅ ይህንን ማስረዳት እንደሚችል ተፈረደ።

እኛም ከዚህ ተነስተን ሦስት ነገር እናሳስባለን። ማጣራቱ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ይለቅ፤ ከዓመታት በኋላ «መልሺ» ማለት ለሁሉም ከባድ ነው። ጥያቄዋ የማይታመን እህት ምክንያቱ በጽሑፍ ተሰጥቷት መልስ የምትሰጥበት ቀን ይቆረጥላት። አለባበሷና አነጋገሯ መመዘኛ አይሁን፤ ሰነዷ ይታይ። እናንተም በየሣጥናችሁ ያለውን የልደት፣ የጋብቻና የትምህርት ወረቀት አትጣሉ፤ አንድ ቀን ለልጅ ልጅ ይመሰክራል።

ለጋሾቻችን የሰጡት ገንዘብ ለታሰበለት እንዲደርስ፣ ችግረኛዋም ተዋርዳ እንዳትመለስ፣ ሁለቱንም እኩል መጠበቅ ሥራችን ነው።