የአእምሮ ሐኪሙና አስተርጓሚው

(ይህ ጽሑፍ በካኩማ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በአማርኛ ከተደረገ ንግግር የተወሰደ ነው። ተናጋሪው ለብዙ ዓመታት በክሊኒክ አስተርጓሚነት፣ በኋላም በማኅበረሰብ የአእምሮ ጤና ሠራተኛነት ያገለገሉ ስደተኛ ናቸው።)



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት «ለሕመማችን የሚስማማንን የአእምሮ ሐኪም እንዴት እናገኛለን?» ስለሚለው ጥያቄ ነው። እውነቱን ለመናገር ጥያቄውን መጀመሪያ ስሰማ ፈገግ አልኩ። ናይሮቢ የሚኖርና ገንዘብ ያለው ሰው ሐኪም ሊያማርጥ ይችላል። እኛ ግን ከሎድዋር ከተማ እንኳ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን፣ ከካምፕ ለመውጣት የመንቀሳቀሻ ፈቃድ እየጠየቅን፣ ስፔሻሊስት ሐኪም አልፎ አልፎ ብቻ በሚመጣበት ቦታ ስንኖር ከየት አምጥተን እንመርጣለን? ቆይቼ ሳስበው ግን የምንመርጠው ነገር እንዳለ ተገነዘብኩ። ለዚህም ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

ከዓመታት በፊት በአስተርጓሚነት ስሠራ አንዲት ሁለት ልጆች የምታሳድግ እኅታችን ወደ ክሊኒክ መጣች። ስሟንና ሰፈሯን ሳልጠራ ታሪኳን እንድናገር ፈቅዳልኛለች። ሐኪሙ ምን እንደሚሰማት ሲጠይቃት «ሆዴን ባር ባር ይለኛል፣ ራሴን ያቃጥለኛል» አለች። እኔም በእንግሊዝኛ «ሆዷን ያማታል፣ ራሷንም ያማታል» ብዬ አቀረብኩት። ሐኪሙ የጨጓራ መድኃኒትና የራስ ምታት ማስታገሻ አዘዘላት። በዚያ ላይ ምን ይፈረድበታል? የሰማው ይህንኑ ነው።

በሁለተኛው ቀጠሮ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «መኖር ሰልችቶኛል፤ ብሞት ይሻለኛል» አለች። ይህን ጨርሶ አልተረጎምኩትም። «በጣም ደክሟታል» ብቻ አልኩ። አንደኛ፣ ነገሩ ለእኔም አሳፈረኝ፤ የአገሬ ሰው እንዲህ ሲል ለባዕድ መናገር ገመናን ማውጣት መሰለኝ። ሁለተኛ ደግሞ በዚያን ጊዜ በኬንያ ሕግ ራስን ለማጥፋት መሞከር ወንጀል ስለነበረ ፖሊስ ይመጣባታል ብዬ ፈራሁ። ያዘንኩላት መስሎኝ ቃሏን ሰረቅሁባት።

እኅታችን «ያ ሐኪም አይረባም፣ ሕመሜ አልገባውም» ብላ ለጎረቤቶቿ ነገረች፤ ወደ ክሊኒኩ መመላለሷንም አቆመች። ከብዙ ወራት በኋላ አንዲት የጤና ሠራተኛ ጎትጉታ መለሰቻት። በዚህ ጊዜ ያስተረጎመችላት ሴት ነበረች። ሐኪሙ ግን ያው የቀድሞው ነው። በኋላ ራሷ እንደነገረችኝ ወንበሩን አስጠግቶ ረጅም ጊዜ አነጋገራት፤ የድብርት መድኃኒት ጀመረላት፤ በየሳምንቱ የምታነጋግራት አማካሪም መደበላት። ዛሬ ልጆቿን እያሳደገች ነው። ሳይስማማት የቀረው ሐኪሙ ሳይሆን እኔ ነበርኩ።

እንግዲህ በዚህ ካምፕ «የሚስማማ ሐኪም» ስንል ሐኪሙንና አስተርጓሚውን አንድ ላይ ማየት አለብን። ሐኪሙን መምረጥ ባንችል አስተርጓሚውን መለወጥ እንችላለን። «ሌላ አስተርጓሚ ይምጣልኝ» ማለት ነውር አይደለም፤ ምክንያቱን መዘርዘርም ግዴታ አይደለም። ሴት ሴት ልትጠይቅ ትችላለች። አስተርጓሚው ጎረቤት ወይም ዘመድ ከሆነ፣ ወይም አገር ቤት ባለፈው ግጭት ምክንያት እርሱ ፊት መናገር የሚከብድ ከሆነ፣ ይህንኑ ለነርሷ ለብቻ መናገር ይበቃል። ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛ ወይም አኙዋክኛ የሚቀልለው ሰው «አማርኛ ትችላለህ» ተብሎ ብቻ በአማርኛ እንዲናገር መገደድ የለበትም። ሰው ሕመሙን በደንብ የሚናገረው ባለቀሰበት ቋንቋ ነው። ልጆቻችሁን ግን ፈጽሞ አስተርጓሚ አታድርጉ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የእናቱን መደፈር ወይም የአባቱን መገረፍ ለሐኪም እንዲተረጉም ማድረግ ልጁን ሁለተኛ በሽተኛ ያደርገዋል።

አስተርጓሚው በትክክል መናገሩን እንዴት ታውቃላችሁ? እናንተ ብዙ ተናግራችሁ እርሱ ሁለት ቃል ብቻ ካለ ጠርጥሩ። «ሐኪሙ ምን እንደተረዳ መልሶ ይንገረኝ» በሉ። ሐኪሙ ሲመልስላችሁ ሕመማችሁ ተጣምሞ ከሆነ ወዲያው ይታወቃል። እንደ «ባር ባር ይለኛል» ያለው አነጋገር ቃል በቃል አይተረጎምም። ስለዚህ «እንቅልፍ የለኝም፣ ምግብ አስጠልቶኛል፣ ያለ ምክንያት አለቅሳለሁ» እያላችሁ በድርጊት ማስረዳት ይጠቅማል።

አሁን ወደ ሐኪሞቹ ልመለስ። በክሊኒኩ «ዶክተር» ብለን የምንጠራቸው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ሳይካትሪስት ማለት መጀመሪያ ሐኪም ሆኖ ከዚያ በአእምሮ ሕክምና ለተጨማሪ ዓመታት የሠለጠነ ነው። ኬንያ ከ50 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ሲኖራት እነዚህ ስፔሻሊስቶች በጣም ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም በናይሮቢና በትላልቅ ከተሞች ይገኛሉ። እዚህ በየዕለቱ የምናገኛቸው ክሊኒካል ኦፊሰሮችና ነርሶች ናቸው። ከእነርሱ መካከል በአእምሮ ሕክምና የሠለጠኑ አሉ፤ መድኃኒትም ያዝዛሉ። አማካሪ ወይም ካውንስለር የምንለው ደግሞ መድኃኒት አይሰጥም፤ በንግግር ይረዳል።

አንዳንዶቻችሁ «ነርስ አያክመኝም፣ ትልቁ ሐኪም ይምጣ» ስትሉ እሰማለሁ። እዚህ ላይ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ2015 የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ስፔሻሊስት ላልሆኑ የጤና ሠራተኞች አንድ መመሪያ በጋራ አውጥተዋል። ድብርትን፣ የሚጥል በሽታን፣ ከባድ የአእምሮ መታወክን እንዴት እንደሚያክሙ የሚያሳይ ነው። እንዲያውም ነርሷ በየሳምንቱ ታያችኋለች፤ ስፔሻሊስቱ ግን አይቷችሁ ይሄዳል። በአገራችንም ቢሆን ለረጅም ዘመን የአእምሮ ሕክምና ማለት አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ማለት ስለነበረ፣ ብዙዎቻችን ወደዚህ ሕክምና የሚሄደው ጨርቁን የጣለ ሰው ብቻ ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው ግምት እንደሚያሳየው ጦርነት ባለባቸው ወይም በቅርቡ በነበረባቸው አካባቢዎች ከአምስት ሰዎች አንዱ ገደማ አንድ ዓይነት የአእምሮ ሕመም አለበት። ከባድ ደረጃ የደረሰባቸው ግን ከሃያ አንድ ያህል ናቸው። የቀሩት ብዙዎቹ በአማካሪና በሠለጠነ ነርስ ይረዳሉ።

ታዲያ ስፔሻሊስቱን አጥብቃችሁ መጠየቅ ያለባችሁ መቼ ነው? ሰውየው ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ሲሰማ፤ ለቀናት ሳይተኛ ያለ ልክ ሲናገርና ሲሯሯጥ፤ የወለደች እናት በድንገት ስትለወጥ ወይም ሕፃኗን ስትፈራ፤ ምግብና ውኃ ሲቆም፤ መድኃኒቱ በትክክል ተወስዶ በቂ ጊዜ አልፎትም ካልሠራ። በእነዚህ ጊዜያት «ሪፈራል ጻፉልኝ» በሉ። ካርዳችሁ ላይ ምን እንደተጻፈም ጠይቁ። ራሱን ስለ መግደል የሚናገር ሰው ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም። ብቻውን አትተዉት፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ በቤት ያለውንም መድኃኒት ሌላ ሰው ይያዝ።

ሐኪሙ ፊት ከመቅረባችሁ በፊት በወረቀት በአማርኛ ጻፉ፤ ጽሕፈት የማይችል ለሚያምነው ሰው ያስጽፍ። ሕመሙ መቼ ጀመረ፣ ከቤተሰብ የታመመ አለ ወይ፣ ምን መድኃኒት ተወስዷል የሚለው ይገባበታል። ጫትና መጠጥም ይጻፍ። በዚህ ነጥብ ላይ ብዙ ወንዶቻችን ይዋሻሉ። ሌሊቱን በጫት ያደረ ሰው እንቅልፍ አጣሁ ብሎ የእንቅልፍ መድኃኒት ሲወስድ፣ ሐኪሙ ምን እያከመ እንደሆነ ራሱ አያውቅም። ዳያዘፓም ከገበያ ገዝተው የሚውጡም አሉ፤ ይህ መድኃኒት ሱስ ያስይዛል፤ ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ በኋላ በድንገት ማቆሙም አደገኛ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ጥሩ ሐኪም የምለው እያያችሁ የሚናገረውን ነው፤ አስተርጓሚውን እያየ «ምን ትላለች?» የሚለውን አይደለም። የታይሮይድ በሽታና የደም ማነስም የአእምሮ ሕመም መስለው ሊመጡ ስለሚችሉ ሰውነታችሁንም ይመረምራል። የሕመሙን ስም ይነግራችኋል። መድኃኒቱ መቼ እንደሚሠራ፣ ምን ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችል ስትጠይቁት አይቆጣም። ካልነገራችሁ ጠይቁት። ለምሳሌ እንደ ፍሉኦክሴቲን ወይም አሚትሪፕቲሊን ያለው የድብርት መድኃኒት ለመሥራት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይወስዳል፤ ከዳኑም በኋላ ቢያንስ ዘጠኝ ወር ያህል መውሰድ ያስፈልጋል። ይህን ያልተነገረው ሰው በአምስተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ ይጥለዋል። ሃሎፔሪዶል የጀመረ ሰው አንገቱ ቢጣመም ወይም ዓይኑ ወደ ላይ ቢሰቀል፣ ቤተሰቡ መንፈስ ገባበት ብሎ ይደነግጣል። የመድኃኒቱ ጠባይ ነው፤ ማርከሻም አለው፤ ወዲያው ወደ ክሊኒክ ውሰዱት። ለሚጥል በሽታ ወይም ለስሜት መዋዠቅ ቫልፕሮዬት የምትወስድ ሴት ደግሞ ለማርገዝ ካሰበች አስቀድማ ለሐኪሟ ትናገር፤ መድኃኒቱ ፅንስን ይጎዳል። በራሷ ግን አታቁመው።

እ.ኤ.አ. በ2025 የእርዳታ ገንዘብ በብዙ ቦታ መቀነሱን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚህ «መድኃኒቱ ከመጋዘን ቢያልቅስ ምን ላድርግ?» የሚለውም ጥያቄ ይጨመር።

ሐኪም መለወጥን በሚመለከት፣ የሚያመናጭቃችሁ፣ ሚስጥራችሁን ለሌላ የሚያወጣ፣ ወይም ስለ እምነታችሁና ስለ ዘራችሁ የሚያናንቅ ከሆነ ለኃላፊው አመልክታችሁ ሌላ ጠይቁ። መርፌ አልወጋኝም ብላችሁ ግን አትለውጡ። መርፌ ከክኒን ይበልጣል የሚለውን እምነት ከአገር ቤት ይዘነው የመጣን ይመስለኛል። በሦስት ክሊኒክ ተመዝግቦ ሦስት ዓይነት መድኃኒት የሚውጥ ሰው አውቃለሁ፤ እርሱን ያመመው ምን እንደሆነ አሁን ማንም ሊለይ አልቻለም።

ስለ ጠበል ሁልጊዜ ስለምጠየቅ አልለፈው። ጠበል መጠመቅና መድኃኒት መውሰድ አይጣሉም። ጸሎት ማድረግና ቁርአን ማስቀራትም እንዲሁ። የሚጎዳው መድኃኒቱን ጥሎ መሄድ፣ በሽተኛውን በሰንሰለት ማሰርና በጾም ማዳከም ነው። ሐኪሙም ይህን ሲሰማ የሚስቅ ከሆነ፣ ከላይ ካልኳቸው የማይስማሙ ሐኪሞች ውስጥ ቁጠሩት።

የቀረው ፍርሃት ሁለት ነው። አንዱ ሕጉ ነው። ቀደም ብዬ እንዳልኩት እኔን ዝም ያሰኘኝ የወንጀል ሕጉ ነበር። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 የናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ራስን ለማጥፋት መሞከርን ወንጀል የሚያደርገው አንቀጽ ሕገ መንግሥቱን የሚፃረር ነው ብሎ ወስኗል። ስለዚህ ይህን ስሜት ለሐኪም ከመናገር ወደ ኋላ አትበሉ። አስተርጓሚዎችም ብትኖሩ፣ ይህችን ቃል እንደተነገረች አስተላልፉ።

ሁለተኛው ሪሴትልመንት ነው። «የአእምሮ ሕመም አለበት ከተባለ ኬዜ ይበላሻል» ብሎ የሚደብቅ አለ፤ «ይረዳኛል» ብሎ የሌለበትን የሚጨምርም አለ። የአሜሪካ በር እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 በአብዛኛው ተዘግቷል፤ ነገር ግን በሕጋቸው እንኳ ሕመሙ መኖሩ ብቻውን አያስከለክልም። የሚታየው ከሕመሙ ጋር ራስን ወይም ሌላውን የሚጎዳ ጠባይ መኖሩ ነው። ሳይታከም የቀረ ሕመም ወደዚያ ጠባይ ሊያደርስ ይችላል። ለኬዝ ብሎ መድኃኒት የማያስፈልገው ሰው መድኃኒት ሲውጥ ደግሞ አይቻለሁ፤ ጤናውን ያጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

እዚህ ላይ ላቁም። ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ። በሰው ፊት መጠየቅ የሚከብደው ካለ እስኪመሽ ድረስ ከዚህ አልሄድም። ከእኔ ይልቅ ሴት ሠራተኛ ማነጋገር የምትፈልጉ እኅቶች፣ የሥራ ባልደረባዬ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች፤ አማርኛም ኦሮምኛም ትናገራለች።