ስለ መኖሪያ ቤት አጥር

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» የሚለውን አባባል የማያውቅ በመካከላችን አይገኝም። አጥር የባለቤቱ የክብር ምልክት ነው። ሌባንና ጅብን ይከለክላል፤ ሕፃናትን ከመንገድ ይጠብቃል፤ የቤተ ሰብን ገመና ይሸፍናል። ይሁን እንጂ ያለ አሳብ የተተከለ አጥር ጎረቤትን ከጎረቤት ያጣላል፤ ጎርፍን ወደ ሰው ቤት ይመራል፤ ለብዙ ዘመን ያደገውንም ዛፍ በከንቱ ያስቆርጣል። ስለዚህ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ እንደሚገኙት፣ ዛፍ በበዛባቸው የከተማ ዳር ሰፈሮች ግቢያችሁን ለማጠር ያሰባችሁ ሁሉ፣ መቈፈሪያ ከማንሣታችሁ በፊት ልታስቡባቸው የሚገባችሁን ጥቂት ነገሮች ዛሬ ላስታውሳችሁ እወዳለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ አጥር ወሰንን ያሳያል እንጂ ወሰንን አይፈጥርም። የከተማ ቦታ በ1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ የመንግሥት ሆኗል፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ደንግጓል። በእናንተ እጅ ያለው የይዞታ መብት ነው፤ የዚህም መብት ዳርቻ የሚታወቀው በይዞታ ማረጋገጫ ካርታችሁ ነው። አሮጌ የባሕር ዛፍ ጉቶ ወይም «አባቴ እስከዚህ ድረስ አጥሮ ነበር» የሚል ቃል የካርታን ያህል አያጸናም። እንግዲህ ካርታችሁን ይዛችሁ ወደሚመለከተው የመሬት ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ ቀያሽም የማዕዘኖቹን ቦታ ለክቶ ያሳያችሁ። በዚያውም የአጥሩን ከፍታ፣ ከመንገድ የሚርቅበትን ልክና ፈቃድ የሚያስፈልገው መሆኑን ጠይቁ። ይህን ሁሉ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ብታደርጉት ገንዘባችሁ ከጥፋት ይድናል።

ቀያሹ በሚመጣበት ቀን ጎረቤታችሁ አይቅሩ። «ጋሼ፣ ነገ ወሰኑ ይለካልና አብረን እንይ» ማለት ምን ይጎዳል? ገመዱ ሲዘረጋ ሁለታችሁም ቆማችሁ ብታዩ፣ ወጪውንና የወደፊቱን ጥገና እንዴት እንደምትካፈሉ በጽሑፍ ብትስማሙ፣ ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ይሆናል። ስለ አንድ ክንድ መሬት ተጣልተው፣ በአንድ እድር እየኖሩ ለቅሶ የማይደራረሱ ሰዎች አሉ። አጥሩ በሃያ ዓመት ይፈርስ ይሆናል፤ ቂሙ ግን ለልጆች ይወረሳል።

ወሰኑ ከታወቀ በኋላ መሥመሩን ከዳር እስከ ዳር በእግራችሁ ሂዱበት፤ በላዩም ያሉትን ዛፎች ተመልከቱ። ጉድጓዱ ከዛፍ ወፍራም ሥር ጋር ቢገናኝ ሥሩን ከመቁረጥ ምሰሶውን ጥቂት ማራቅ ይሻላል፤ ሥሩ የተቈረጠ ዛፍ በነፋስ ጊዜ የመውደቅ አደጋ አለበትና። ሽቦም በቆመ ዛፍ ላይ በምስማር አትምቱ፤ ዛፉ እየወፈረ ሽቦውን ይውጠዋል፤ ቊስሉም የብስባሽ መግቢያ ይሆናል። የደረቀና ያዘነበለ ዛፍ ካለ ግን አጥሩ ከመሠራቱ በፊት በሚገባ ይወገድ። ባሕር ዛፍ ቢቈርጡት ከጉቶው እንደገና የሚያቈጠቁጥ ስለሆነ፣ በጉቶው ላይ ግንብ መገንባት ነገ ለሚሰነጠቅ ሥራ መድከም ነው።

ሁለተኛው ብርቱ ነገር ውኃ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከእንጦጦ የሚወርደውን ጎርፍ ያየ ሰው ይህን አይዘነጋም። ተዳፋቱን አቋርጦ የቆመ ድፍን ግንብ ወይም ቆርቆሮ ውኃውን ያቁራል፤ ከዚያም ወይ አጥሩ ይናዳል፣ ወይ ጎርፉ ወደ ጎረቤት ይዞራል። ስለሆነም በክረምት ውኃው በየት እንደሚሄድ አስቀድማችሁ አጥኑ፤ በአጥሩም ግርጌ ማስተላለፊያ ተዉለት። የውኃ ቧንቧና የስልክ መሥመርም ከመሬት በታች እንዳይኖር ሳትጠይቁ አትቈፍሩ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንለፍ። ቦታችሁ 12.5 ሜትር በ20 ሜትር፣ ማለት 250 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ ዙሪያው 65 ሜትር ነው። ከፊት ለፊት በአንዱ ማዕዘን 3 ሜትር ለበር ብትተዉ 62 ሜትር ይቀራል። በምሰሶና በምሰሶ መካከል ያለው ርቀት ከ2 ሜትር እንዳይበልጥ ብታደርጉ፣ ከፊት 5፣ ከኋላ 7፣ ከሁለቱ ጎኖች 20፣ በጠቅላላው 32 ክፍተት ይሆናል፤ የሚያስፈልገውም ምሰሶ 33 ነው። 2.5 ሜትር ርዝመት ያለው ምሰሶ ከ60 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ መሬት ይግባ። እንጨት የሚበሰብሰው ይልቁንም መሬትና አየር በሚገናኙበት ቦታ ነው። ስለዚህ የባሕር ዛፉ ምሰሶ ቅርፊቱ ተልጦ በሚገባ የደረቀ ይሁን፤ ከጉድጓዱም ሥር ጠጠር ይነጠፍ፣ አናቱ ላይ አፈሩ ወደ ውጭ ያዘንብል፤ ውኃ እንዳይተኛበት። የሐበሻ ጥድና ወይራ ከባሕር ዛፍ ይልቅ ብስባሴን ይችላሉ፤ ነገር ግን ለአጥር ብሎ ያለ ፈቃድ ከደን መቁረጥ በሕግም በኅሊናም የሚያስወቅስ ነው።

ገንዘብ ላጠረው፣ ትዕግሥት ግን ላለው ሰው፣ ሕያው አጥር አለለት። ኮሽም፣ አጋምና ቀጋ እሾሃቸው ይጠብቃል፤ ፍሬያቸው ወፎችን ይመግባል፤ ሥራቸው አፈሩን ይይዛል። በክረምቱ መግቢያ በሁለት ረድፍ ተተክለው እየተገረዙ ቢያድጉ፣ ከጥቂት ክረምት በኋላ ጥቅጥቅ ያለ ቅጥር ይሆናሉ። እስከዚያ ድረስ ቀላል የሽቦ አጥር ይበቃቸዋል። ለምሰሶ መቈፈሪያ የሚመቸው ግን በጋ ነው።

ክቡራን አድማጮች፤ በደን ውስጥ መኖር የፈለግነው ለጥላው፣ ለንጹሕ አየሩና ለጸጥታው ነው። እነዚህን አጥፍቶ የሚቆም አጥር ጠባቂ ሊባል አይችልም። ካርታው፣ ጎረቤቱ፣ ዛፉና ውኃው በቅድሚያ ከተጠየቁ የቀረው የአናጺና የግንበኛ ሥራ ነው።