የባላገር ዜማና የሕንድ ሙዚቃ ሲገናኙ
(የሙዚቃ ክበባችን በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ያሰማው ንግግር)



ክበባችን በዚህ በዓል ላይ ጥቂት ቃል እንዲያሰማ በታዘዘ ጊዜ ስለ ምን እንናገር ብለን ተማከርን። ምክክሩም ወደ ክርክር ተለወጠ። ገሚሶቻችን ክራርና ማሲንቆ ከጊታርና ከኦርጋን ጋራ ሲቀላቀሉ ጠባያቸው ይጠፋል አልን፤ ገሚሶቻችን ደግሞ ያልተቀላቀለ ሙዚቃ በዓለም ላይ የለም አልን። ነገሩ በቃል ብቻ የሚያልቅ ስላልሆነ፥ ይህን ከእኛ ይልቅ አብዝቶ የሞከረ ሕዝብ ምን እንዳገኘ እንስማ ብለን ወደ ሕንድ ሙዚቃ ሄድን። ዛሬ የምንነግራችሁ ከሰማነው ውስጥ ጊዜ ቢሰጡት የማያስቆጨውን ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ሕንድ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለችም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያስተማሩ ብዙ ሕንዳውያን መምህራን ነበሩ፤ ሲኒማ ቤቶቻችንም የሕንድ ፊልም ሲያሳዩ ኖረዋል። ስለዚህ ከአያቶቻችንና ከወላጆቻችን መካከል ቃሉን ሳያውቁ ዜማውን የሚያንጐራጕሩ ይገኛሉ። ነገር ግን የፊልም ዘፈን የሕንድ ሙዚቃ አንዱ ክፍል ብቻ ነው።

የሙዚቃቸው መሠረት ራጋ ይባላል። ራጋ እኛ ቅኝት ከምንለው ጋራ ይዛመዳል እንጂ አንድ አይደለም። ለምሳሌ ቡፓሊ የሚባለው ራጋ አምስት ድምፆች አሉት፤ ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ሶል፥ ላ። እነዚህ በትልቁ ትዝታ ውስጥ ያሉት አምስቱ ናቸው! ይሁን እንጂ ራጋ ድምፆቹን ቈጥሮ በመስጠት አይወሰንም፤ በየትኛው ድምፅ ላይ መቆየት፥ በምን መንገድ መውጣትና መውረድ እንደሚገባ ጭምር ያዝዛል፤ የሚጫወቱበትም ሰዓት አለው። ቡፓሊ የምሽት ነው። አንድ ዓይነት አምስት ድምፆች እዚያ ሌላ ስሜት፥ እዚህ ሌላ ስሜት መስጠታቸው እኛን በጣም አስገረመን።

አሁን ወደ ክርክራችን እንመለስ። ንጹሕ የሚባለው የሕንድ ሙዚቃ ራሱ የውጭ ነገር የሌለበት ነውን? ቫዮሊን ወደ ደቡብ ሕንድ የገባው ከአውሮፓውያን ጋራ ነው። ሕንዳውያን ግን ቆመው አልያዙትም፤ መሬት ላይ ተቀምጠው፥ የመሣሪያውን ራስ በእግራቸው ላይ አሳርፈው፥ እንደ ራሳቸው ድምፅ እንዲንሸራተት አድርገው ይጫወቱታል። ዛሬ በደቡብ ሕንድ ዘፋኝን ያለ ቫዮሊን ማየት ብርቅ ነው። የሃርሞኒየም ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይከራል። ይህም የአውሮፓ ሥራ ሲሆን፥ በ1875 በካልካታ ድዋርካናት ጎሽ የሚባል ሰው በእግር መረገጡን አስቀርቶ በአንድ እጅ አየር እየሰጡ በሌላው የሚጫወቱበትን ሠራ። መሣሪያው ባገሩ ሁሉ ተሰራጨ። ነገር ግን ሃርሞኒየም እንደ ፒያኖ ድምፆቹ የተቈረጡ ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሊንሸራተት አይችልም። ስለዚህም የመላው ሕንድ ራዲዮ ጣቢያ ከ1940 እስከ 1971 ድረስ አገደው። በእነዚያ ዓመታት ሕዝቡ በየጸሎት ቤቱና በየሠርጉ እየተጫወተበት ኖረ። እኛ ያነሣነው ክርክር ሁሉ እዚያም ተነሥቶ ነበር ማለት ነው። ሆኖም አጋጆቹን እንደ ሞኝ መቍጠር ልክ አይመስለንም። የፈሩት ነገር እውነት ነበረና፤ ድምፅ መንሸራተቱ ከጠፋ ራጋው ይጠፋል።

ከምዕራብ ሰዎች ጋራ የተደረገውን ግንኙነት የከፈቱት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የሳሮዱ አሊ አክባር ካን እና የሲታሩ ራቪ ሻንካር። ሁለቱም ማይሃር በምትባል ትንሽ ከተማ የአላውዲን ካን ደቀ መዛሙርት ነበሩ። አሊ አክባር በ1955 በቫዮሊኑ ሊቅ በይሁዲ ሜኑሂን ጋባዥነት ወደ አሜሪካ ሄደ። ሻንካርና ሜኑሂን በ1967 አብረው ያወጡት ሸክላ የግራሚ ሽልማት አግኝቷል። በ1965 ቢትልሶች በአንድ ዘፈናቸው ውስጥ ሲታር አስገቡ። እውነቱን ለመናገር እዚያ ላይ ሲታሩ እንደ አንገት ጌጥ ነው፤ ቢወጣም ዘፈኑ አይጐድልበትም። ጆርጅ ሃሪሰን ግን በዚያ አልቀረም፤ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሻንካር ሄዶ ተማረ። በነሐሴ 1971 ኒው ዮርክ ውስጥ ለባንግላዴሽ ስደተኞች በተደረገው ታላቅ ዝግጅት ላይ ሻንካርና ጓደኞቹ መሣሪያቸውን ሲቃኙ ሕዝቡ ሙዚቃው የተፈጸመ መስሎት አጨበጨበ። ሻንካርም በትሕትና ቀለደባቸው። ብዙ ሰው በዚህ ይሥቃል፤ እኛ ግን አንድ አዝማሪ ማሲንቆውን ሲቃኝ ስንቶቻችን ከዘፈኑ ለይተን እንደምናውቅ ተጠያየቅን።

ከሁሉ ይልቅ ልናወድሰው የምንወደው ቪሽዋ ሞሃን ባት ከአሜሪካዊው ራይ ኩደር ጋራ የተጫወተውን ነው። ባት የሻንካር ተማሪ ሲሆን፥ የአውሮፓን ጊታር ወስዶ ብዙ አውታሮች ጨምሮበት፥ በጭኑ ላይ አጋድሞ በብረት እያንሸራተተ የሚጫወትበት አድርጎታል፤ ስሙንም ሞሃን ቪና አለው። ኩደር ደግሞ በአሜሪካ ጥቍሮች የብሉዝ ሥርዓት አውታሩን በጠርሙስ አንገት ያንሸራትታል። እነዚህ ሰዎች በ1992 በካሊፎርኒያ በአንድ ጸሎት ቤት ውስጥ ከተዋወቁ አንድ ሰዓት ሳይሞላ መቅዳት ጀመሩ። የተቀዳው አራት ዜማ ብቻ ነው፤ አንዱም የፊጂ ደሴቶች የስንብት ዘፈን ነው። የቋንቋቸው ልዩነት እያለ የተግባቡት ሁለቱም የሚያንሸራትቱ በመሆናቸው ይመስለናል። አንዱ ሲጀምር ሌላው ዝም ይላል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ይመልሳል። በ1993 ወጣ፥ በ1994 ግራሚ ተሸለመ።

በሕንድ በራሷ ደግሞ ኢንዲያን ኦሽን የሚባል የዴልሂ ባንድ አለ። በ1990 ተመሠረተ። በ2000 ያወጡት አልበም ካንዲሳ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በኬራላ የሚኖሩ የቶማስ ክርስቲያኖች በሶርያ ቋንቋ ከሚዘምሩት መዝሙር ነው። ከእኛ አንዱ ይህን ሲሰማ “ቅዱስ ነው የሚለው!” ብሎ ጮኸ። እውነትም ቃዲሻ የሚለው የሶርያ ቃል የግእዙ ቅዱስ ወንድም ነው፤ መዝሙሩም በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ የሚለው ሦስት ጊዜ ከሚደጋገምበት ጸሎት ጋራ አንድ ነው። በጊታርና በታብላ ታጅቦ ከሕንድ የመጣ ዘፈን ውስጥ የቅዳሴያችንን ቃል መስማት ቀላል ነገር አይደለም። በዚሁ አልበም ማ ሬዋ የሚል ስለ ናርማዳ ወንዝ የሚዘፈን የባላገር ዜማ አለ። ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ራሁል ራም ዜማውን ያገኘው በወንዙ ላይ ግድብ እንዳይሠራ ከሚቃወሙ ገበሬዎች ጋራ በነበረበት ጊዜ ነው። ሙዚቃ ልጆቻችንን ከትምህርት ያዘናጋል የምትሉ ወላጆች ካላችሁ፥ ይህ ሰው ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕርግ እንዳለው እንነግራችኋለን።

ክርክራችንን ግን ወደ ሌላ መንገድ የመራው የራጃስታን በረሃ ነው። በዚያ ላንጋና ማንጋኒያር የሚባሉ፥ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድላቸው ሙዚቀኞች አሉ። እስላሞች ናቸው፤ በጌቶቻቸው ቤት ልጅ ሲወለድና ሠርግ ሲደገስ ይዘፍናሉ፥ የትውልድ ሐረግም ይቈጥራሉ። ማንጋኒያሮች በቆዳ የተለበጠ፥ በደጋን የሚመታ ካማይቻ የሚባል መሣሪያ አላቸው፤ ማሲንቆን የሚያውቅ ጆሮ ባዕድ አይሆንበትም። ኮማል ኮታሪ የሚባል ምሁር ከጓደኛው ጋራ በ1960 ተቋም አቋቁሞ፥ በ2004 እስኪሞት ድረስ የእነዚህን ሰዎች ዘፈን ሲሰበስብና ሲያስቀዳ ኖረ። በ2015 ጁኑን የተባለው አልበም በጆድፑር ምሽግ ውስጥ ሲቀዳ፥ የሕንዳውያኑ ጓድ ራጃስታን ኤክስፕሬስ ተብሎ ከሻይ ቤን ጹርና ከእንግሊዛዊው ጆኒ ግሪንዉድ ስም ጋራ በሽፋኑ ላይ ተጻፈ።

ይህን ካየን በኋላ ጥያቄያችን ተለወጠ። ይቀላቀል ወይስ አይቀላቀል ማለቱን ትተን፥ የባላገሩ ስም የት አለ? ማለት ጀመርን። በአገራችን ስንት ዜማ “የሕዝብ” ተብሎ ብቻ ይቀዳል! ያቀበለው ሽማግሌ፥ ያወጣችው ሴት አይታወቁም፥ ሳንቲምም አይደርሳቸውም። ስለዚህ ክበባችን ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ ከአካባቢያችን አዝማሪዎች ዜማ ሲቀዳ የዘፋኙ ስም፥ የተወለደበት ቀበሌና ፈቃዱ ሳይጻፍ እንዳይቀዳ ወስኗል። ጊታር ይግባ አይግባ የሚለውን ባለዜማው ራሱ ይናገራል። በዚህ የማይስማሙ ጓደኞች አሉን፤ ክርክሩም ገና አላለቀም።

አሁን ንግግራችንን አቁመን አንድ ነገር እናሰማችኋለን። ሻክቲ የተባለው ጓድ በ1970ዎቹ የተጫወተው ነው። ጊታሩ የእንግሊዛዊው የጆን ማክላፍሊን፥ ቫዮሊኑ የኤል ሻንካር፥ የሸክላ ማሰሮ የሚመታው ቪናያክራም ነው፤ አዎን፥ የውሃ ማሰሮ የመሰለውን! ታብላው የዛኪር ሁሴን ነው። ጓዱ በ2023 ያወጣው አልበም በየካቲት 2024 ግራሚ አገኘ፤ ዛኪርም በዚያው ዓመት በታኅሣሥ አረፈ። ከኋላ ያላችሁ ጠጋ በሉ፥ ማሰሮው ዝግ ብሎ ነው የሚጀምረው።